ኮረም ምንድን ነው? ቁጥሩንስ እንዴት እንምረጥ?

አንድ ዳታ ሦስት ሰርቨር ላይ ተቀምጧል እንበል። አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ አሉ። እስከዚህ ቀላል ነው። የሚከብደው ዳታው ሲቀየር ነው። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ቀየረ። «ተቀይሯል» ከማለታችን በፊት አዲሱ ቃል ስንት ሰርቨር ላይ እስኪጻፍ እንጠብቅ? ነገ ተመልሶ ሲገባስ ስንቱን ሰርቨር እንጠይቅ?

ኮረም ማለት ይህ «ስንት» ነው። መጻፍ ወይም ማንበብ ተሳካ ለመባል ቢያንስ ስንት ቅጂ መልስ መስጠት እንዳለበት ይወስናል። ቁጥሩ ካልሞላ ጥያቄው አልተሳካም ይባላል።

የምንመርጣቸው ቁጥሮች ሦስት ናቸው፦ የቅጂ ብዛት፣ መጻፊያ ኮረም እና ማንበቢያ ኮረም። ቴክኒካል ሰነዶች ላይ ኤን፣ ደብሊው እና አር ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። ደንቡ አጭር ነው፤ መጻፊያውና ማንበቢያው ሲደመሩ ከቅጂው ብዛት መብለጥ አለባቸው። ሐሳቡን የኮምፒውተር ተመራማሪው ዴቪድ ጊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1979 ለየቅጂው የድምፅ ብዛት በመስጠት አቅርቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አማዞን ዲናሞ ስለተባለው የዳታ ማስቀመጫ ሲስተሙ ባወጣው ጥናት ላይ ደግሞ 3 ቅጂ፣ 2 መጻፊያ፣ 2 ማንበቢያ የተለመደ ምርጫ ሆኖ ቀረበ። ዛሬም ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ለምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ሰርቨሮቹ ሀ፣ ለ እና ሐ ናቸው። አዲሱ የይለፍ ቃል ሀ እና ለ ላይ ተጻፈ። ሐ ኔትወርክ ተቋርጦበት አልደረሰውም። ቀጥሎ የመጣው ንባብ ለ እና ሐን ጠየቀ። ሐ አሮጌውን፣ ለ አዲሱን መለሱ። እያንዳንዱ መልስ የተጻፈበትን ሰዓት ወይም የስሪት ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ አዲሱ ይመረጣል። ከሦስት ውስጥ የትኞቹንም ሁለት ብትጠይቁ አንዱ የግድ ሀ ወይም ለ ነው። ማንበቢያው 1 ቢሆን ኖሮ ግን ሐ ብቻውን ሊጠየቅ ይችል ነበር። ያኔ ተጠቃሚው ገና አሁን የቀየረው ቃል አይሠራለትም። ይባስ ብሎ፣ ተሰርቆብኛል ብሎ የተወው አሮጌ ቃል በሩን ይከፍታል።

«ታዲያ ለምን ሦስቱም ላይ አንጽፍም?» ትሉ ይሆናል። አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ መጻፍ በሙሉ ይቆማላ! እያንዳንዱ ሰርቨር 99 በመቶ ጊዜ ይሠራል፣ አወዳደቃቸውም አይያያዝም እንበል። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገኙት 97.03 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ግን 99.97 በመቶ ጊዜ ይገኛሉ። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። ሰርቨሮቹ በ4፣ በ6 እና በ90 ሚሊሰከንድ ቢመልሱ፣ ሁለት የሚጠብቅ በ6 ይጨርሳል፤ ሦስት የሚጠብቅ 90ውን ይከፍላል።

የቅጂ ብዛት ላይ ጎዶሎ ቁጥር ምረጡ። ኮረሙ አብላጫ ድምፅ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ይሁን ካልን ከ3 ቅጂ 2 ነው፣ ከ4 ደግሞ 3። ሁለቱም የሚችሉት የአንድ ሰርቨር መውደቅ ብቻ ነው፤ አራተኛው ቅጂ እዚህ ላይ የጨመረው ነገር የለም። 5 ቅጂ ላይ ግን ኮረሙ 3 ስለሆነ ሁለት ቢወድቁም ሥራው ይቀጥላል።

ሁለት ዳታ ሴንተር (ሰርቨሮች የሚቀመጡበት ማዕከል) ያላችሁ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። በየዳታ ሴንተሩ 3 ቅጂ ካለ በድምሩ 6 ነው፤ አብላጫው 4። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ የግድ ሌላኛው ዳታ ሴንተር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ካሳንድራ በተባለው ዳታቤዝ ላይ «ሎካል ኮረም» የሚባለው ሴቲንግ ይህን ያስቀራል፤ ቅርብ ካሉት 3 ውስጥ 2 ሲመልሱ ይበቃዋል። ግን አንዱ ጋ ጽፋችሁ ወዲያው ሌላኛው ጋ ካነበባችሁ 2 ሲደመር 2 ከ6 አይበልጥምና አሮጌውን ልታገኙ ትችላላችሁ። ተጠቃሚው ሁልጊዜ ወደ አንድ ዳታ ሴንተር የሚላክ ከሆነ ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

በጣም የሚረሳው ያልተሳካ የመጻፍ ጥያቄ ነው። መጻፊያው 2 ሆኖ ዳታው ሀ ላይ ብቻ ደረሰ። ኮረም አልሞላም፤ አፕሊኬሽኑ ስህተት ደረሰው። ሀ ላይ የተጻፈውን ግን ማንም አልሰረዘውም! ቀጣዩ ንባብ ሀን ከነካ አዲሱን ያያል፤ ለ እና ሐን ብቻ ከጠየቀ አያይም። ስለዚህ ስህተት መጣ ማለት «አልተጻፈም» ማለት ሳይሆን «አይታወቅም» ማለት ነው። ደግማችሁ ስትሞክሩ ቢደገም የማይጎዳ አድርጋችሁ ጻፉት። «ቃሉን ይህን አድርግ» ቢደገም ችግር የለውም። «አንድ ጨምር» ከተደገመ ግን ሁለት ይጨምራል።

እኔ የምመክረው ለዳታቤዙ በሙሉ አንድ ሴቲንግ እንዳትመርጡ ነው። ለየጥያቄው «እዚህ አሮጌ ዳታ ቢታይ ማን ይጎዳል?» በሉ። የላይክ ብዛት ለጥቂት ሰከንድ አንሶ ቢታይ ማንም አይጎዳም፤ ማንበቢያው 1 ይሁን። የይለፍ ቃልና የፈቃድ ዝርዝር ላይ ግን ከ2 እና 2 አትውረዱ።

አንዳንዱን ደግሞ ኮረም ብቻውን አይችለውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት አንድ ዓይነት የተጠቃሚ ስም ፈለጉ እንበል። ሁለቱም በኮረም አነበቡ፣ ስሙ ነፃ ነው ተባሉ፣ ሁለቱም በኮረም ጻፉ። ለሁለቱም ተሳካላቸው፤ ኋላ ግን የአንዱ ጽሑፍ የሌላውን ይሸፍነዋል። እዚህ የሚያስፈልገው እንደ ራፍት ወይም ፓክሶስ ያለ፣ ሰርቨሮቹን በአንድ ቅደም ተከተል የሚያስማማ ፕሮቶኮል ነው። ካሳንድራ ውስጥም «ከሌለ ብቻ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ፓክሶስን ይጠቀማል። ከተራው መጻፍ ስለሚዘገይ ስም ሲመዘገብ ብቻ ጥሩት።