የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ማለት ምንድን ነው? ከባሕር ዳር ሆኖስ ይደረስበታል?

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ሕግ ትማራለች። ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ከተማ ሆኜ የፌዴራል ዳኛ መሆን እችላለሁ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ደስ አለኝ። መልሱ ግን ባንድ ቃል አያልቅም።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሦስት ናቸው፦ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ እና ጠቅላይ። ብዙው ክርክር የሚጀመረው ከታችኛው ነው። እዚያ የተቀመጠው ዳኛ ግን እንደ ሌላ ሠራተኛ አይቀጠርም፤ ይሾማል። የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ እጩዎችን ይመለምላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባሉ። ምክር ቤቱ ይሾማል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 የሚለው ይህንን ነው። ስለዚህ የሕግ ዲግሪ ደጃፍ ያደርሳል እንጂ አያስገባም።

እስከ ደጃፉ ያለው መንገድም አንድ አይደለም። አንዱ ረዳት ዳኛ ሆኖ መዝገብ ሲያገላብጥ ይቆያል። ሌላው ከዐቃቤ ሕግነት ወይም ከጥብቅና ይመጣል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በወጣትነታቸው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ከዚያ ወጥተው ለሴቶች መብት ብዙ ዓመት ሠሩ። በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ።

ወደ ባሕር ዳር እንምጣ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ችሎት የሚያስችለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። እዚህ የለም። የፌዴራል ጉዳይ ግን እዚህም አለ። የባሕር ዳር ነጋዴና የሐዋሳ ነጋዴ በዓሣ ሽያጭ ተካሰሱ እንበል። ነዋሪነታቸው በተለያየ ክልል ስለሆነ ነገሩ የፌዴራል ይሆናል። ታዲያ ክሱ ባሕር ዳር ቢቀርብ ማን ያየዋል? የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። አንቀጽ 80 የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ሰጥቶታል። የሕግ ሰዎች «ውክልና» ይሉታል። ዳኛውን የሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ በዚያ መዝገብ ላይ የሚሠራው ግን የፌዴራል ሥራ ነው። ይግባኙም ብዙ አይርቅም፤ እዚሁ ከተማ ወዳለው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

«እንግዲህ ማዕረጉን ከፈለግሽ አዲስ አበባ ወይ ድሬዳዋ ነው። ሥራውን ከፈለግሽ ግን እዚህም አለልሽ» አልኳት።

«ከዚያስ? ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል?» አለች። ይህቺ «ወደ ላይ» የምትባል ነገር ታሳስበኛለች። ምስክር ቆሞ የሚናገረው ታች ነው። ሲንተባተብ የሚያየው፣ ጠበቃው ሲያጣድፈው «ቆይ፣ ይጨርስ» የሚለው የታችኛው ዳኛ ነው። ይግባኝ ሰሚው በአብዛኛው የሚያገኘው የተጻፈውን ነው። ታች ሳትመዘገብ ያለፈች ቃል እስከ በላይኛው ፍርድ ቤት አትከተልም። ብዙ ሰው ደግሞ ይግባኝ የሚልበት ገንዘብም አቅምም የለውም። ለእሱ የመጀመሪያው ዳኛ የመጨረሻውም ነው። ጎበዝ ዳኛ ሁሉ ልምድ ባካበተ ማግስት ወደ ላይ ከሄደ፣ ከባዱን ሥራ ለጀማሪ ትተን ነው የምንሄደው። እዚያው ሃያ ዓመት የሚያስችል ዳኛ ክብሩም ደመወዙም ሊያድግለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን ስነግራት ግን ማስታወሻዋን አወጣች። ሰኞ ጠዋት ክፍል የላትም። ሄዳ ከኋላ ወንበር ልትቀመጥ ነው።