ወደ ጤና ሙያ የሚወስደው መንገድ በጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት በቡናዋና በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ለአካባቢው ወጣቶች ግን የጤና ባለሙያ የሚኮንባት ከተማም ናት።

ሆስፒታሏ የተቆረቆረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ መጀመሪያ የወታደሮች መታከሚያ ነበር ይባላል። የጤና ትምህርቷ መልክ የያዘው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ነው። ኢንስቲትዩቱ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1999) ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ጅማን ከሌሎች የሚለያት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቷ ነው። የጤና ባለሙያዎችን በቡድን ማሠልጠንን ጎንደር ቀድማ ጀምራዋለች። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን ለጤና ተማሪ ብቻ ሳይል ለሌላውም ትምህርት ክፍል ያዳረሰው ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ተማሪዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቡድን ሆነው ቀበሌ ይመደባሉ፤ ይህን «ሲቢቲፒ» (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም) ይሉታል። መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ውሃው ከየት ይቀዳል? መጸዳጃ ቤት አለ? ልጆቹ ተከትበዋል? እናት ቡና እያፈላች ትመልሳለች፤ ተማሪው ይጽፋል። ከዚያ ችግሮቹን በክብደታቸው ደርድረው፣ ከነዋሪው ጋር መክረው፣ አቅማቸው የፈቀደውን ይሠራሉ። የመጨረሻ ዓመት ላይ «ቲቲፒ» (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ይመጣል። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪ ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ለሳምንታት ይሠራሉ።

ይህ ለሃይስኩል ልጆችም ይጠቅማል። ነጭ ጋውን የለበሰውን ተማሪ ሰፈራቸው ድረስ መጥቶ ያገኙታል። ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው። ትምህርቱ ስንት ዓመት ይፈጃል? የትኛው ይከብዳል? ከማንም ወሬ ይልቅ የእሱ መልስ ይበልጣል።

ዝግጅቱ 11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስን በመምረጥ ይጀምራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ አለው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ሕክምና ለመግባት ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ውጤት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የፍሬሽማን ዓመት አለ፤ ውጤቱ የትምህርት ክፍል ምርጫን ይወስናል። ስለዚህ «ገባሁ» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። እንግሊዝኛ ላይ መበርታትም ግድ ነው፤ የአናቶሚው መጽሐፍ የሚነበበው በእሱ ነው።

ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ «ዶክተር ሁን» ይላል። ሌሎቹም ግን ሙሉ ሙያዎች ናቸው፦ ሚድዋይፈሪ፣ አኔስቴዥያ፣ ጤና መኮንን፣ የአካባቢ ጤና። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ከሌለ ቀዶ ሕክምናው አይጀመርም። ደም ማየት የሚከብደው ልጅ ፋርማሲን ወይም የአካባቢ ጤናን ቢያስብ ይሻለዋል።

ዲግሪ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም። ተመራቂው የመውጫ ፈተናውንና የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘናውን አልፎ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለበት።