ኦፍ ሲዝን ምንድን ነው? «ከዜሮ መጀመር» የሚባለውስ?

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ «ሁለት ሳምንት ካረፋችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ» ሲል ሰማሁ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህን ፈርተው፣ ከእረፍት እንደተመለሱ «የጠፋውን ላካክስ» ብለው ሲሮጡ የተጎዱ ሰዎችን አክማለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኦፍ ሲዝን የትራያትሎን፣ ማለትም ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ስፖርት፣ የውድድር ዘመን ሲያልቅ ሆን ተብሎ የሚወሰድ እረፍት ነው። ዋናው፣ ብስክሌቱና ሩጫው ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል። በቃ።

ስናርፍ ቶሎ የሚቀንሰው የደማችን ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማው ነው። እሱ ሲቀንስ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል፤ ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። የመጀመሪያው ቀን ሩጫ የሚከብደው በአብዛኛው ለዚህ ነው። የስፖርት ተመራማሪው ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰባት ልምድ ያላቸው ስፖርተኞች ልምምድ አቆሙ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው 7 በመቶ ያህል ወረደ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ቅናሹ 16 በመቶ ላይ ቆመ። በጡንቻቸው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን አልቀነሱም። ሰባት ሰው ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህ ዜሮ አይባልም።

እንደ እርሾ አስቡት። ሊጡ ቢያልቅም ከቡሃቃው ሥር እርሾ ቀርቷል። አዲሱ ዱቄት ሲቦካ ከባዶ አይነሳም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰውየውም ያልነካው ይህንኑ ነው። ፕላዝማው ቶሎ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ያህል ስትሠሩ ትንፋሻችሁ ይከፈታል። ምጣዱ ጋለ ማለት ነው። ሊጡ ግን ገና አልቦካም። ሊጡ ጅማታችሁና አጥንታችሁ ነው። ጅማት ለጫና የሚጠነክረው በዝግታ ነው፣ ወራት ይፈልጋል። ምጣዱ ስለጋለ ብቻ ያልቦካ ሊጥ ብትጋግሩ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ትንፋሻችሁ ስለቻለ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ብትሮጡ ደግሞ ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ጅማት ይታመማል።

ሦስቱ ስፖርቶች እኩል አይቦኩም። ዋና ላይ ክብደታችሁን ውሃው ይሸከመዋል። እዚያ ቶሎ የሚጠፋው ውሃውን በመዳፍ የመያዝ ስሜት ነው፤ አጭርም ቢሆን ቶሎ ቶሎ መግባት ይመልሰዋል። ብስክሌት ላይ ኮርቻው ይሸከማችኋል። ሩጫ ላይ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደታችሁ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል በአንድ እግር ላይ ያርፋል። ስለዚህ ትንፋሹን በብስክሌት መልሱ፣ ሩጫውን ግን ገታ አድርጉት። እኔ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አንድ ቀን እያሳለፉ፣ ከእርምጃ ጋር እየቀላቀሉ 20 ደቂቃ ብቻ እንዲሮጡ አደርጋለሁ። ብዙዎቹ «ገና አልደከመኝም» ይሉኛል። ማቆም ያለባቸው እዚያ ላይ ነው።

ሳትጠይቁኝ ሁለት ነገር ልጨምር። በእረፍቱ ታማችሁ ሲፕሮ፣ ማለትም ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ፣ ከወሰዳችሁ ሩጫ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። መድኃኒቱ ጅማት ሊያሳምም፣ አልፎ አልፎም ሊበጥስ ይችላል፤ አደጋው ከጨረሳችሁት ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እረፍቱን ከውጭ መጥታችሁ አዲስ አበባ ያሳለፋችሁ ደግሞ እዚያ ስትሮጡ ልባችሁ ቢዘል አትደንግጡ። ከተማው በአብዛኛው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው ያደረገውን እረፍቱ አደረገው አትበሉ።

ወደ ጅማቱ ልመለስ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ተረከዛችሁ ከገተረ የትናንቱ ሩጫ በዝቷል። ያን ቀን ብስክሌት ንዱ።