ኢኮሚግ ምንድን ነው?

ኢኮሚግ ጋምቢያ ውስጥ የሰፈረ የምዕራብ አፍሪካ ጦር ነው። የላከው የቀጣናው አገሮች ማኅበር ኢኮዋስ ሲሆን ወታደሮቹ በዋናነት ከሴኔጋል፣ ከናይጄሪያና ከጋና የመጡ ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ2016ቱን ምርጫ የተሸነፉት የጋምቢያ ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ መጀመሪያ ውጤቱን ተቀብለው ነበር፤ ሳምንት ቆይተው ካዱ። አሸናፊው አዳማ ባሮው ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ጦሩም በዚያው ዕለት ድንበር ተሻገረ። ጃሜ ከሁለት ቀን በኋላ አገር ለቀው ወጡ።

ብዙዎች የተባበሩት መንግሥታት ጦር ይመስላቸዋል። አይደለም። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2337 ኢኮዋስን ደገፈ እንጂ ኃይል እንዲጠቀም በግልጽ አልፈቀደም። ለመግባቱ ዋናው መሠረት የባሮው ጥሪ ነበር።

ኢኮሚግ ፕሬዚዳንቱንም ይጠብቃል። የራሱ ጦር ያለው አገር መሪውን በውጭ ወታደር የሚያስጠብቀው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በጋምቢያ ጦር ታሪክ ውስጥ ነው። ጋምቢያ በ1965 ነጻ ስትወጣ ጦር አልነበራትም፤ ፊልድ ፎርስ የሚባል ታጣቂ ኃይል ብቻ ነበራት። በ1981 ከዚሁ ኃይል የወጡ ሰዎች የተሳተፉበት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ፤ ያከሸፈው የሴኔጋል ጦር ነው። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ጦር ተቋቋመ። ላይቤሪያ ዘምተው የተመለሱ ወታደሮቹ በ1991 እና በ1992 አበላችን አልተከፈለንም ብለው ተነሡ። በ1994 ደግሞ የ29 ዓመቱ ሌተናንት ጃሜ ሥልጣን ያዘ፤ 22 ዓመትም ገዛ። ባሮው የወረሱት እንግዲህ በጃሜ ዘመን የተመለመለና የታጠቀ ዘብ ነው። ቤተ መንግሥቱን ለዚያ ዘብ ብቻ መተው አደገኛ ነበር፤ ይህን ጥንቃቄ ከልክ ያለፈ ማለት አይቻልም።

ኢኮሚግ ያለ ጦርነት የመግባቱ ምክንያት ቀላል ነው። ጋምቢያ ወንዟን ተከትላ የተዘረጋች ቀጭን መሬት ናት፤ ስፋቷ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ከባሕሩ ወገን በቀር ዙሪያዋን ሴኔጋል ናት። የጋምቢያ ጦር ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ነው፤ ኤታማዦር ሹሙም ወታደሮቼን አላዋጋም አሉ።

የከበደው ነገር መቆየቱ ሆነ። ጃሜ በተወለዱበት በካኒላይ፣ ፎኒ በሚባለው አካባቢ፣ ሕዝቡ ወታደሮቹን እንደ ወራሪ አያቸው፤ በጁን 2017 በተነሣ ተቃውሞ ሰው ሞተ። ፎኒ ደግሞ ከሴኔጋሏ ካዛማንስ ጋር ይዋሰናል፤ እዚያ ያሉትን አማፅያን ሴኔጋል ለዐሥርተ ዓመታት ስትወጋ ኖራለች። ስለዚህ በኢኮሚግ ስም የቆመ የሴኔጋል ወታደር ለእነሱ ያው የቀድሞ ጠላታቸው ነው። በጃንዋሪ 2022 በተደረገ ግጭት ሰባት የሴኔጋል ወታደሮች ተማረኩ፤ የተለቀቁትም በቀጣዩ ወር ነው።