ፋፋና የልጆች ሥነ ምግብ ተቋም

አሁን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ፋፋ ከአንድ የምርምር ተቋም የወጣ ምግብ ነው። ስለዚህ ተቋም ደግሞ በአማርኛ ተጽፎ የሚገኘው ከሚገባው በታች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1962 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አቋቋሙ። ከስዊድን በኩል ዋናው አንቀሳቃሽ የሕፃናት ሐኪሙ ፕሮፌሰር ቦ ቫልክቪስት ነበሩ። በ1968 ክፍሉ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ዛሬም ያኮራል። ባለሙያዎቹ ገጠር ወርደው ቤተሰብ ምን እንደሚበላ መዘኑ፣ መዘገቡ፣ ልጆቹንም ለኩ። ችግሩ ጎልቶ የታየው ልጅ ከጡት ወደ ምግብ በሚሸጋገርበት ጊዜ ላይ ነው። ትንሹ ልጅ የአብሽ ውሃና ቀጭን አጥሚት ይሰጠዋል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር እንጀራ በወጥ ይቀርብለታል፣ ወጡ ያቃጥለዋል፣ ትንሽ ቀምሶ ይተዋል። በዚህ መሃል ይከሳል።

ከዚያ ዘመን ጥናቶች አንዱ የዶክተር ይንግቬ ሆፍቫንደር በምግብ ውስጥ ስለሚገኘው ብረት (ለደም የሚያስፈልገው ማዕድን) ያደረጉት ጥናት ነው፤ በ1968 ታተመ። ጤፍ የሚበላው ሰው የሚያገኘው ብረት በጣም ብዙ ሆኖ ተገኘ። የብረቱ ትልቅ ድርሻ ግን ከአፈር የመጣ ነው፤ ጤፍ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይገባበታል። ጤፉ ራሱ ምን ያህል ብረት አለው የሚለው እስከ አሁን ያከራክራል። ጤፍ ጥሩ እህል መሆኑ ግን አያከራክርም።

ፋፋ በ1967 ወጣ። ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ አዮዲን ያለው ጨውና ቫይታሚኖች ተቀላቅለው የተሠራ ነው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ እያማሰሉ ማብሰል ነው፤ ወፈር ካለ ገንፎ፣ ቀጠን ካለ አጥሚት ይሆናል። የታሰበው አቅም ለሌለው ቤተሰብ ነበር። ገዢው ግን በአብዛኛው ከተሜ ነው የሚል ትችት ቀርቦበታል፤ ገጠር ሱቅም ገንዘብም እንደልብ ስለማይገኝ ትችቱ መሠረት ያለው ይመስላል። ያም ሆኖ አገር ውስጥ ተጠንቶ፣ አገር ውስጥ ተመርቶ፣ ትውልድ ያሳደገ ምግብ ነው። ለእርዳታ የሚውለው ፋሚክስ የተባለው ድብልቅ ዱቄትም ፋፋን ከሚያመርተው ፋብሪካ የወጣ ነው።

በደርግ ዘመን ኢንስቲትዩቱ ሥራውን ቀጠለ። በ1995 ከሌሎች ተቋማት ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ፣ አሁን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ዛሬ የልጆች ዕድገት ክትትል ያለው ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ውስጥ ነው። ልጁ ሚዛን ላይ ይሰቀላል፣ ክብደቱ ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ክንዱ በባለቀለም ሜትር ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ቶሎ ሕክምና ያስፈልገዋል። ለእናቶች የሚሰጠው ምክር ያው ነው፤ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ጡቱ ሳይቋረጥ የተመጣጠነ ምግብ። ለውጡም ይታያል። ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በ2000 ከግማሽ በላይ ነበሩ፣ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርደዋል። አሁንም ብዙ ነው።

ጾም ላይ ትንሽ ልጅ አይጾምም፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን አንዳንድ እናቶች የጾም ዕቃ እንዳይነካካ ብለው ለልጁም እንቁላልና ወተት ይተዋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለልጁ ለብቻው ድስትና ማንኪያ መያዝ።

ከተማ ላይ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጥቷል። ምሳ ዕቃው ውስጥ ብስኩት፣ ቺፕስና የታሸገ ጁስ ይገባል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቴሌቪዥን ላይ ይተከላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለስላሳ መጠጦችን ያካተተ ቢሆንም ቤት ውስጥ የሚወስነው ወላጅ ነው። ወፍራም ልጅ ሁሉ ጤነኛ ነው የሚለው አመለካከት ደግሞ ሐኪም የሚሰጠውን ምክር ያስቸግራል።

ብዙ ቤት ፋፋ ባይገዛም የልጅ ምጥን ያስፈጫል። ስህተቱ እህል ብቻ ማብዛቱ ነው። ለሁለት እጅ እህል አንድ እጅ ያህል ሽምብራ ወይም ባቄላ ይግባበት፣ ሲበስል ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመር፣ ጎመንና ካሮትም ተፈጭቶ ቢገባ ጥሩ ነው።