ዳሶ መርኪዩር ለምን አልተሸጠም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፈረንሳዩ ዳሶ ኩባንያ ሚራዥ የጦር ጄቶቹንና ፋልከን የተባሉትን ትናንሽ ጄቶች ለብዙ አገሮች ሸጧል። መርኪዩር የተባለውን ባለ 150 መቀመጫ የመንገደኛ ጄት ግን ከአንድ የአገር ውስጥ አየር መንገድ በቀር የገዛው አልተገኘም። ሁለት ለሙከራ፣ አሥር ለሽያጭ፣ በድምሩ 12 ብቻ ተሠርተው ምርቱ በ1975 ቆመ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ውድቀቱ የሚነገረው ግን አብዛኛው ከእውነቱ የራቀ ነው፤ ጥሩ ሥራ ሠርቶ ላለፈ አውሮፕላንም አይገባውም።

«ብልሽት የበዛበት አደገኛ አውሮፕላን ነበር»

ፈጽሞ አይደለም። ብቸኛው ገዢ፣ የፈረንሳዩ የአገር ውስጥ አየር መንገድ ኤር ኢንተር፣ መርኪዩርን ከጁን 1974 እስከ ኤፕሪል 29 ቀን 1995 አበረረው። በእነዚህ ዓመታት አውሮፕላኖቹ 440,000 ገደማ በረራዎች አድርገው 44 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ ሲያጓጉዙ አንድም አደጋ አልደረሰባቸውም። የበረራ ሰዓታቸው 360,000 ገደማ ነው። ሲካፈል አንድ በረራ በአማካይ ከ50 ደቂቃ በታች ይወስድ ነበር ማለት ነው። እንዲህ በቀን ደጋግሞ መነሣትና ማረፍ ጎማን፣ ፍሬንንና የአውሮፕላኑን አካል ከረጅም በረራ ይልቅ ያደክማል። መርኪዩር ይህን ችሎ ሃያ ዓመት ሠርቷል።

በቴክኖሎጂም ቢሆን ወደ ኋላ የቀረ አልነበረም። በከባድ ጭጋግ በራሱ እንዲያርፍ በ1974 ፈቃድ አግኝቷል። ፓይለቱ አንገቱን ሳይደፋ ፍጥነትና ከፍታ የሚያነብበት ከፊቱ የተተከለ ግልጽ መስታወትም ነበረው። ይህን መሣሪያ ለመንገደኛ አውሮፕላን ቀድመው ካዋሉት አንዱ መርኪዩር ነው።

«የቦይንግ 737 ግልባጭ ነው»

ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ክንፎች ሥር የተንጠለጠሉት ሞተሮች ፕራት ኤንድ ዊትኒ የሠራቸው ጄቲ8ዲ ናቸው። ነገር ግን የዘመኑ 737-200 130 ገደማ ሰው ሲጭን መርኪዩር 150፣ ሲጠጋጋም 162 ይጭን ነበር። በአጭር መንገድ ብዙ ሰው በሁለት ሞተር ማድረስ የዳሶ የራሱ ሐሳብ ነው።

«መሐንዲሶቹ የነዳጅ ታንኩን አሳንሰው ስለሠሩት ነው»

መርኪዩር ሞልቶ ሩቅ መብረር አለመቻሉ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው ግን ምክንያቱ ላይ ነው፤ ስሌቱን አብረን እንሥራው። መርኪዩር ከመሬት ሲነሣ ከ56.5 ቶን መብለጥ የለበትም። ባዶው አውሮፕላን 31.8 ቶን ገደማ ይመዝናል። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 95 ኪሎ ቢታሰብ 150 ሰው 14.25 ቶን ይሆናል። ለነዳጅ የሚተርፈው 10.4 ቶን ገደማ ነው። ታንኮቹ ግን 18,400 ሊትር ይይዛሉ፤ የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት 0.8 ኪሎ ያህል ስለሆነ ሙሉ ታንክ ማለት 14.7 ቶን ነው። ስለዚህ ወንበሩ ሁሉ ከተያዘ ታንኩን መሙላት አይቻልም። እንቅፋቱ የታንኩ ጥበት ሳይሆን የክብደቱ ጣሪያ ነበር።

ከዚያ 10.4 ቶን ላይ ደግሞ የማይነካ መጠባበቂያ ይቀነሳል፦ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ሌላ አየር ማረፊያ የሚያደርስ፣ እዚያም ለ30 ደቂቃ እየዞሩ ለመጠበቅ የሚሆን፣ ከግምት በላይ ለሚነፍስ የፊት ነፋስ የሚያዝ። የቀረው 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል።

ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። ክብደቱ ሲቀነስ በአንድ ወንበር የሚቃጠለው ነዳጅ ያንሳል። ከፓሪስ ማርሴይ 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፈረንሳይ ደሴት የሆነችው ኮርሲካ እንኳ ከ1,000 አይበልጥም። ለኤር ኢንተር ልክ እንደ ተሰፋ ነበር። ስህተቱ የአንዱን ልክ የሁሉም ልክ አድርጎ መገመቱ ላይ ነው። አየር መንገድ አውሮፕላን ሲገዛ የሚያየው አማካይ መንገዱን ሳይሆን ረጅሙን ነው፤ ያንንም በክረምት ነፋስና በሞቃት ቀን አስልቶ። ጠዋት አጭር መንገድ የበረረው አውሮፕላን ከሰዓት ረጅሙን ካልቻለ ለዚያ ሌላ መግዛት ሊኖርበት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ጄት ይገዙ የነበሩት የአውሮፓ የቱሪስት በረራ ኩባንያዎች ደግሞ ከፍራንክፈርት ወደ ካናሪ ደሴቶች ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ማቋረጥ መብረር ይፈልጉ ነበር። መርኪዩር ሞልቶ እዚያ አይደርስም። ሌላ ሰው የማይፈልገውን አውሮፕላን ነገ መልሶ መሸጥም ይከብዳል፤ ገዢ ይህንንም ያሰላል።

«ተጨማሪ ታንክ ቢገጠምለት ይድን ነበር»

ከላይ እንዳየነው ተጨማሪ ታንክ ሰው ካልተቀነሰ በቀር ባዶውን ይሄዳል። መፍትሔው የክብደቱን ጣሪያ ማንሣት ነበር፤ ለዚህም ክንፉን፣ የማረፊያ እግሩንና ፍሬኑን ማጠናከር፣ እያንዳንዳቸው 7 ቶን ገደማ ግፊት ከሚሰጡት ሞተሮች የበረታ መግጠም ያስፈልጋል። ይህ እንደ አዲስ አውሮፕላን መሥራት ነው። ዳሶም መርኪዩር 200 ብሎ በሲኤፍኤም56 ሞተር አቅዶት ከአሜሪካው ማክዶኔል ዳግላስ ጋር ተነጋግሮበት ነበር፤ አልተሳካም።

«የገደለው የ1973 የነዳጅ ቀውስ ነው»

ቀውሱ ጎድቶታል፤ ነገር ግን የመጣው በኦክቶበር 1973 ነው። መርኪዩር በሜይ 1971 የመጀመሪያ በረራውን አድርጎ፣ በ1972 መጀመሪያ የኤር ኢንተርን አሥር ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ቀውሱ እስኪገባ ድረስ ሌላ ደንበኛ አላገኘም። ከቀውሱ ቀድሞ የጎዳው ምንዛሪው ነው፤ በ1971ና በ1973 የዶላር ዋጋ ሲወርድ፣ በዶላር የሚሸጠው የቦይንግ ጄት በፍራንክ ከሚሠራው መርኪዩር ረከሰ። ደግሞም ተፎካካሪዎቹ የአሜሪካ ጄቶች፣ 737 ከ1968፣ ዲሲ-9 ከ1965 ጀምሮ ሥራ ላይ ነበሩ። የመርኪዩርን ክፍሎች ካመረቱት አገሮች መካከል ጣሊያን፣ ስፔንና ቤልጂየም አሉበት፤ የጣሊያኑ አየር መንገድ አሊታሊያና የስፔኑ አይቤሪያ ግን ዲሲ-9 ያበርሩ ነበር፤ የቤልጂየሙ ሳቤናም 737 መረጠ። የፈረንሳይ መንግሥት ከልማት ወጪው ከግማሽ በላይ ቢሸፍንም ኤር ፍራንስ ራሱ አልገዛውም።

«ኤርባስ ኤ320 የመርኪዩር ልጅ ነው»

መጠናቸው ስለሚቀራረብ የሚባል ነው። ዳሶ ግን በኤርባስ ጥምረት ውስጥ አልነበረም። በ1987 የበረረው ኤ320 ክንፉም፣ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚታዘዘው መሪውም አዲስ ነው። ዳሶ ለመርኪዩር 200 ያሰበው የሲኤፍኤም56 ቤተሰብ የሆነ ሞተር ግን በኤ320 ላይ ተገጥሟል፤ ኤ320 150 ሰው ይዞ የሚሄደውም መርኪዩር ከሚችለው ርቀት እጥፍ በላይ ነው።