ሙድ የሚያዝባቸው መኪኖች፦ የአዲስ አበባ ዳር ዳር የመኪና ዘነጣ

በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከአየር ጤና እስከ አለምገና፣ ከኮተቤ ካራ እስከ ለገጣፎ፣ ከአቃቂ ወዲያ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት ሰፈሮች መኪናን በእጅ ሥራና በርካሽ ዕቃ ማሳመር የተለመደ ነው፣ እንደዛ ባማረ መኪና ላይ ሙድ መያዝም እንደዛው። ሁለቱን ነጣጥሎ መጻፍ አይቻልም። ባለቤቱ "ሞዲፋይ አደረኩት" ይላል፣ ሰፈሩ "ፋራ" ይለዋል፣ ቀልዱ ከዛ ይጀምራል።

ዘነጣው ብዙ መልክ አለው። ከላሜራ ተቆርጦ ኋላ ላይ የተበየደ ስፖይለር (ክንፍ መሳይ ነገር)፣ ማርሚታ (የጭስ መውጫው) ጫፍ ላይ የተሰካ ሰፊ ቱቦ፣ ቪትዝ ላይ የተለጠፈ የመርሴዲስ ኮከብ፣ ሞተሩ ቱርቦ የሚባል ነገር በሌለው መኪና ጀርባ "ቱርቦ" የሚል ስቲከር፣ ዳሽቦርድ ላይ ፀጉራም ምንጣፍ፣ ዙሪያውን ሰማያዊና ቀይ የሚያበራ ኤልኢዲ። ኤልኢዲ የበዛበትን "የገና ዛፍ" ይሉታል። ዕቃው ባብዛኛው የሚመጣው ከመርካቶ ነው፣ ያገለገለ ዕቃ ከሶማሌ ተራ፣ ብረታ ብረቱ ከምናለሽ ተራ።

መኪና አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ጊዜ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ አመጣው የሚባለውም ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን ትልቁ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው የጣሊያን ወረራ ነው፣ ምክንያቱም ጋራዥ ውስጥ የምንናገረው ቋንቋ ከሞላ ጎደል የጣሊያን ነው። ኮፋኖ፣ ፓራውልት (የፊትና የኋላ የግጭት መከላከያ)፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖርቴሎ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት)፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፖርቶመጋላ፣ ክላክስ ሁሉም ከዛ የመጡ ናቸው፣ ባለሙያዎቹም ጎማ ሠሪው ጎሚስታ፣ ላሜራ አቅኚው ባትላሜራ፣ ወንበር ሰፊው ታፒሴሪ ይባላሉ፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ እንኳን የጣሊያን ቃል ነው። ወራሪው ሄደ፣ ቃሉ ቀረ፣ ሙያውን ግን ያሳደጉት የኛ ልጆች ናቸው። ከዛ በኋላ የጣሊያኑ ፊያት ሰይቼንቶ ታክሲ ነበር፣ በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ላዳ መጣ።

የእጅ ሥራው ጫፍ የደረሰው ቅጥቅጥ ላይ ነው። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ሙሉ የአውቶቡስ ቦዲ እዚሁ ተቀጥቅጦ ይሠራል፣ መስኮቱ፣ ወንበሩ፣ ጣሪያው ሁሉ። ስሙ የመጣው ከላሜራው መቀጥቀጥ ነው። ተሳፋሪውን ስለሚቀጠቅጥ ነው የሚሉም አሉ፣ እሱ ግን ኋላ የመጣ ቀልድ ይመስለኛል። ለመኪና ስም ማውጣት ራሱ የዚህ ፌዝ አባት ነው። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያወራበትን ታክሲ "ውይይት"፣ በአደጋው ብዛት አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" ያለው ያው ሕዝብ ነው።

ፌዙ ደንብ አለው። ፓራውልቱን በሽቦ ሰፍቶ የሚነዳ ሰው ላይ ሙድ አይያዝም፣ የቸርኬ ክዳኑን በፕላስቲክ ማሰሪያ ያሰረ ሰው ላይም አይያዝም፣ ያ ጥገና ነው፣ ዛሬ እሱ ነገ እኔ ነኝ። ሙድ የሚያዘው ያልሆነውን ነኝ በሚል መኪና ላይ ነው። ይሄን ደንብ የማያውቅ ሰው የድሃ መኪና አይቶ ሲስቅ የሰፈር ሰው ይቆጣዋል፣ ልክም ነው።

አለምገና መንገድ ዳር የማውቀው አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። አንድ ወጣት በነጭ ቶዮታ ዲኤክስ መጣ፣ ስፖይለሩን ራሱ ነው የሠራው፣ ከቤት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ በሪቬት መትቶ፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞልቶ ቀይ ቀለም ቀብቶታል። ኮብልስቶኑ ላይ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፣ ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታል፣ ልጆች ከኋላ እየሮጡ "ሊበር ነው! ሊበር ነው!" ይላሉ። ሽማግሌው ባትላሜራ አልሳቁም። ጣታቸውን ስቱኮው ላይ ሲጫኑት ገባ አለ፣ ከስር ቡናማ ውኃ ወጣ። "ልጄ፣ ውኃው መውጫ የለውም እኮ፣ ከስር በልቶልሃል" አሉትና የኋላውን የዕቃ መጫኛ ክዳን ከፍተው የዛገውን ቦታ አሳዩት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለእርሻ ብቻ አይደለም። ስቱኮውን ፍቀው፣ የዛገውን ቆርጠው፣ አዲስ ላሜራ በየዱ፣ ስፖይለሩንም መልሰው ገጠሙለት፣ ከስሩ ግን ሁለት ቀዳዳ በስተውለት። ስፖይለር ጥቅም የሚሰጠው በጣም ሲፈጠን ነው፣ በሰፈር ፍጥነት ጌጥ ነው፣ ጌጥ ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ወንጀል የሚሆነው ሌላ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ መተካት እሳት ያስነሳል፣ ለኤልኢዲ ባልተሠራ ፋኖስ ውስጥ ኤልኢዲ መክተት ማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጭበረብራል። እነዚህ ላይ ፌዝ አይበቃም፣ መቆጣት ነው ያለበት። ብዙዎቹ ባለመኪኖች ለቦሎ ምርመራ ዋዜማ የጨመሩትን ፈታተው ያወርዱና በማግስቱ መልሰው ይሰቅሉታል፣ ይሄ ነገር ቢቀር እወዳለሁ።

ባጃጅ የራሱ ዓለም ነው። የፕላስቲክ አበባ፣ መጋረጃ፣ በታፒሴሪ የተሰፋ ባለቀለም ወንበር፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ስቲከር፣ የማርያም ሥዕል ወይም "ቢስሚላህ"፣ ፋኖሱ ላይ ሽፋሽፍት። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ እዛ ውስጥ ስለሚውል ቤቱ ነው፣ ስለዚ ሰው ባጃጅ ላይ ለስለስ አድርጎ ነው የሚቀልደው።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ስለዚ ያለው አሮጌ መኪና እየተጠገነና እየተዋበ ይኖራል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም አልቀሩም። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ አንዱ ጀርባ ላይ ሁለት የሚያብረቀርቅ የማርሚታ ጫፍ ተለጥፎ አየሁ። አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ቀና ብላ አየችውና "ወንድሜ፣ ጭሱን የት አደረስከው?" አለችው፣ ሹፌሩም መስታወቱን አውርዶ ሳቀና ቡና አዘዘ።